የድንጋይ መከዳ

መጋቢት በገባ ቁጥር በኦስትሪያ ቲሮል ምዕራባዊ ሸለቆዎች ያሉ ልጆች ከቤታቸው ይወጡ ነበር። ታናሹ አምስት ስድስት፣ ታላቁ ዐሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቄስ ወይም አንድ የመንደር ጎልማሳ ከፊት ይመራል፤ እነሱ በረዶ ውስጥ የሰመጠ እግራቸውን እየነቀሉ ይከተላሉ። 1,793 ሜትር ላይ ያለውን የአርልበርግን በር ያቋርጣሉ። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ በእግሩ የተሻገረ ሰው “በር” ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ወደ ኮንስታንስ ሐይቅ፣ ከሐይቁም ወዲያ ወደ ደቡብ ጀርመን ይወርዱና ራቨንስቡርግ ከተማ ገበያ ላይ ይቆማሉ። ገበሬ ይመጣል፣ ክንዳቸውን ይዳብሳል፣ ይመርጣል። ከብት ሲጠብቁ ከርመው በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ጥቂት ገንዘብና ሁለት ቅያሪ ልብስ ይዘው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። “የሽቫብ ልጆች” ነበር የሚሏቸው። ልማዱ በአብዛኛው ያከተመው እ.ኤ.አ. በ1921 ራቨንስቡርግ ያለችበት የቩርተምበርግ ግዛት የግዴታ ትምህርት ሕግ የውጭ አገር ልጆችንም እንዲጨምር ሲደረግ ነው።

መንገዱም ገበያውም እውነት ነው። አሁን የምተርክላችሁ ጌታና ልጅ ግን የምሳሌ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ስም አላወጣሁላቸውም። ዘመኑን 1870ዎቹ በሉት፤ በአርልበርግ ስር የሚያልፈው ባቡር ገና አልተሠራም፣ ልጆቹ ገና በእግር ነው የሚሻገሩት።

በራቨንስቡርግ አቅራቢያ አንድ ባለርስት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ለሠራተኞቹ ደመወዝ አያጓድልም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ለማኝ ከበሩ ባዶ እጁን አይመለስም። አንድ ፍቅር ግን ይዞት ነበር፤ የተራራ አበባ ፍቅር። አንቶን ከርነር የተባለው የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ምሁር ስለ ተራራ ዕፅዋት አተካከል መጽሐፍ ያሳተመው በ1864 ነው፤ ያ መጽሐፍ ጌታው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጌታው አንብቦታል። ነገር ግን ካነበበው ይልቅ የገዛ ደግነቱን ነበር የሚያምነው።

አንድ መጋቢት ከገበያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መርጦ መጣ። ልጁ ግቢውን ሲያይ ጥግ ላይ የተከመረ ድንጋይ አየ።

“ይሄ ምንድን ነው፣ ጌታዬ?”

“ተራራ ነው። የተራራ አበባ ልተክልበት ነው።” ጌታው ጎንበስ አለ። “በእናንተ አገር መከዳ የምትመስል፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፋ የምትኖር፣ በሰኔ ሮዝ አበባ የምታወጣ ነገር ታውቃለህ?”

“አውቃታለሁ። አያቴ በጎቹን ይዘው ሲያርፉ አጠገቧ ይቀመጣሉ።”

“ላይዋ ላይ አይቀመጡም?”

“አይቀመጡም። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች ይላሉ።”

አያትየው ልክ ነበሩ። ይህች ተክል በሳይንስ ስሟ ሲሌኔ አካውሊስ ትባላለች፤ “ግንድ የለሽ” ማለት ነው። ከአልፕስ አንሥቶ እስከ ሰሜን ዋልታ ዙሪያ አገሮች ድረስ ትገኛለች። ቅጠሏ ከሣር ጫፍ አይበልጥም። እያንዳንዷ ቅርንጫፍ ጣት የማታህል ስትሆን፣ በመቶ የሚቆጠሩት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ ክብ፣ ጠንካራ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነ መከዳ ይሠራሉ። በእጅ ሲጫኗት እንደ ተሞላ ከረጢት ናት። በዓመት የምታድገው በሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ እንደኖሩ የተገመቱ አሉ። አበባዋም ፀሐይ በብዛት በሚመታት ደቡባዊ ጎኗ ይጀምራል፤ አቅጣጫ የጠፋው እረኛ በእሷ ይመራል።

ልጁ በኅዳር አገሩ ሲገባ የጌታውን ምኞት ለአያቱ ነገራቸው፤ እሳቸውም አንዲት ጡጫ የምታህል መከዳ ከገደል ከንፈር ፈልፍለው አወጡ። በእንጨት ሣጥን ከነጠጠሯ አኖሯትና በቤቱ ግድግዳ ጥግ በረዶ እስኪሸፍናት ተዉአት። በመጋቢት ልጁ በረዶውን በእጁ ዝቆ ሣጥኗን አወጣ፣ ከጀርባው አሰራት፣ በሩን ተሻገረ። እግሩ ደም ነበረው፤ መከዳዋ ግን አልተነካችም።

ጌታው ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለእሷ ያሰበው ነገር ሁሉ ዝግጁ ነበር። ከድንጋዩ ክምር መሀል ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ሦስት ዓመት የተኛ የላም ፍግ ከጥቁር አፈር ጋር አስለውሶ ሞልቶታል። “ስንት ዘመን ተርበሻል” እያለ ተከላት። ጠዋት ያጠጣታል፣ ማታ ያጠጣታል። በቀትር ፀሐይ እንዳትጎዳ በስተደቡብ በኩል ቅጠላም ቅርንጫፍ ተከለላት።

መከዳዋ አደገች፤ እሷ በማታውቀው መንገድ አደገች። ተጠጋግተው የነበሩት ቅርንጫፎች ብርሃን ፍለጋ ተንጠራሩ፣ እርስ በርስ ተራራቁ፣ መሀላቸው ተከፈተ። ጌታው ለእንግዶቹ “አያችሁ እንዴት እንደ ወፈረች!” እያለ ያሳያል። ልጁ ላሞቹን ሲነዳ በአጠገቧ ያልፋል፤ አንድ ቀን ቆም ብሎ በሁለት ጣቱ ነካት። ለስላሳ ነበረች። ምንም አላለም፤ የጠየቀው ሰውም የለም።

ኅዳር መጣ፣ ልጁ ሄደ። በተራራው የዚህች ተክል የበረዶ ወራት ደረቅ ነው። አንዴ የወረደው በረዶ እስከ ግንቦት ይሸፍናታል፤ ከስሩ እሷ ደረቅ ሆና፣ ነፋስ ሳይነካት ትተኛለች። በቆላው ግን በረዶው ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ ዝናብ ይሆናል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ቀን እንደገና ይቀልጣል። ውሃው በተከፈተው መሀሏ ገብቶ አንገቷ ላይ ቆመ። የገደላት ብርዱ አይደለም፤ ብርድንማ ታውቀዋለች። የማታውቀው ይህ ምንጊዜም እርጥብ የሆነ፣ ሞቀ ሲሉት የሚቀዘቅዝ ምቾት ነው። በመጋቢት ልጁ ሁለተኛ ሣጥን ተሸክሞ ሲመጣ፣ ጌታው የፊተኛይቱን በእጁ ቢያነሣት አንገቷ ላይ ተበጥሳ ቀረች። ቡናማ ሆና፣ የረጠበ ጨርቅ ትሸት ነበር።

ጌታው አዘነ፤ ተናደደም። በዚያ ሰሞን አንድ ጎረቤቱ ቡና ሊጠጣ መጥቶ፣ “ጥፋቱ የአንተ ነው፣ አሞላቀቅካት” አለው። “እሷ የድንጋይ ፍጥረት ናት። ድንጋይ ስጣት፤ ለምዳዋለች።”

ይህች “ለምዳዋለች” የምትባል ቃል እኛም ቤት አለች። ከገጠር የመጣች ልጅ በሰው ቤት ወጥ ቤት ወለል ላይ ስስ ፍራሽ ተነጥፎላት ስታድር፣ የሰው ልጅ አነጋግሯት ሳታውቅ ዓመት ሲያልፍ፣ “የባላገር ልጅ አይደለች? ለምዳዋለች” እንባባላለን። ማንም በክፋት አይላትም። ሰላም ሰጥታን እንድንተኛ ነው የምንላት፤ እኔ ግን ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህችን ቃል እፈራታለሁ።

ጌታው የጎረቤቱን ምክር ሰማ። ሁለተኛይቱን መከዳ ከክምሩ አናት፣ አንድ ጠፍጣፋ ቋጥኝ ላይ፣ ከሳሕን በማይበልጥ ጎድጓዳ ውስጥ አንድ እፍኝ ጠጠር አድርጎ አስቀመጣት። ውሃ ከለከላት። ሲያልፍ ያያትና “ጠንክሪ” ይላታል።

ሚያዝያ ላይ ልጁ ማሳል ጀመረ። የሚያድረው ከከብቶቹ በላይ፣ ድርቆሹ ቆጥ ላይ ብቻውን ነበር። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ለጌታው ነገረችው፤ ጌታውም ከልቡ አሰበበትና፣ “እነሱ አገር እኮ ከዚህ ይብሳል፤ የተራራ ልጅ ነው፣ ለምዶታል” አላት። ማር የገባበት ትኩስ ወተት እንዲሰጡት ግን አዘዘ። ልጁ ወተቱን ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ቆጡ ላይ ወጣ።

ሐምሌ ላይ ቋጥኙ ከቀትር ጀምሮ እጅ የማያስነካ ሆነ። ነሐሴ ሲገባ መከዳዋ ገለባ ነበረች። ጌታው አንሥቶ ገለበጣት። ከስሯ ጣት የምታህል፣ ጫፏ የተበጠሰ ሥር ተንጠልጥላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን ጠራውና ጠየቀው።

“ድንጋይ አይደለም እንዴ የምትኖረው?”

“አይደለም፣ ጌታዬ።”

“በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተራራ ወጥቼ አውቃለሁ እኮ!”

“ላይዋን ነው ያዩት።” ልጁ ክንዱን እስከ ብብቱ ዘረጋ። “አያቴ ሲያወጧት አጠገብ ነበርኩ። ሥሯ ስንጥቁን ይዞ ወረደ፣ ወረደ፤ ክንዴን ያህል ቆፍረን አልደረስንበትም፣ ተበጠሰ። እዚያ ታች አፈሩ ጥቁርና ቀዝቃዛ ነው። በነሐሴም እርጥብ ነው። እጄን ከትቼ አይቻለሁ።”

የዚህች ተክል ዋና ሥር ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ራቁት ቋጥኝ ላይ ያለች ይመስላል እንጂ ቋጥኙ ጣሪያዋ ነው፤ ጓዳዋ ከስሩ ነው። አናቷን ጠጠር ያደርቅላታል፣ እግሯን ስንጥቁ ያረጥብላታል። ጌታው በመጀመሪያው ዓመት አናቷን አረጠበው፣ በሁለተኛው እግሯን አደረቀው። ሁለቱንም ያደረገው በፍቅር ነው።

በአራተኛው መጋቢት ልጁ ሣጥን አልያዘም። ከአንገቱ በክር ከተንጠለጠለች ትንሽ ጨርቅ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ዘር አወጣ። “አያቴ፣ ትልቅ ሰው ከቤቱ አይነቀልም ብለዋል። ሕፃን ሆና እዚሁ ሥር ትስደድ አሉ።”

ልጁ ዘሩን በአሸዋና በጠጠር በተሞላ የሸክላ ሣሕን በተነው፣ ከላዩ ስስ ጠጠር አለበሰው፣ ብርድ እንዲመታው በሰሜን በኩል ካለው ግድግዳ ስር አኖረው። የዚህች ተክል ዘር የእንቅልፍ ጊዜው እንዲያበቃ ብርድ ይፈልጋል። ከዚያ ጌታው የከመረውን “ተራራ” አፈረሱት። ይህን ሥራ በዝርዝር ልናገር፤ ዛሬም የድንጋይ አትክልት ስፍራ የሚሠራ ሰው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጠፍጣፋ ድንጋዮችን አጋድመው ሳይሆን በጠርዛቸው አቆሟቸው፣ ልክ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንደሚቆም። ሁለት ሦስተኛቸውን ቀበሩ። በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፤ ክፍተቱንም ሁለት እጅ ጠጠርና ሸካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል አድርገው በበትር እየጠቀጠቁ እስከ ታች ሞሉት። ፍግ አላስገቡበትም። መሬቱ ዘንበል እንዲል፣ ውሃም አናት ላይ እንዳይተኛ አደረጉ። ጌታው እጅጌውን ሰብስቦ ከልጁ ጋር ተንበርክኮ ጠጠር ሲያበጥር ሠራተኞቹ ቆመው ያዩት ነበር።

በግንቦት ሣሕኑ ላይ ከሰናፍጭ የማይበልጡ አረንጓዴ ነጥቦች ታዩ። በቀጣዩ ዓመት የጥፍር ያህል ሲሆኑ፣ ሥራቸው ገና አጭር ሳለ ልጁ አንድ በአንድ ወደ ስንጥቁ አስገባቸው። የአንዷን አተካከል ጌታው አጠገብ ተቀምጦ አየ። ልጁ እርጥብ ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ሰፊ ሥሯን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ለቀቃት፣ በትንሽ እንጨት አሸዋውን ከጎኗ ሞላ፣ አንገቷ ዙሪያ ጠጠር አለበሳት። ከዚያ እፍ አለባትና አቧራውን ከቅጠሏ አራገፈ።

ጥቅምት ላይ ጌታው በአራት ድንጋዮች ላይ መስታወት አሳርፎ ከላይዋ ጣሪያ አበጀላት፤ ዝናቡ እንዳይነካት፣ ነፋሱ ግን በአራቱም ጎን እንዲያልፍ። ልጁ መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ ነበር።

“ሲበርድ ምን ትሆናለች?” አለ ጌታው። “ብቻዋን፣ እዚያ ላይ፣ በዚያ ነፋስ።”

“ብቻዋን አይደለችም። አያቴ አንድ ቀን ጣቴን መሀሏ አስገቡልኝ። ነፋሱ ጆሯችንን እየቆረጠው ነበር፤ ውስጧ ግን ሙቅ ነው። ቅርንጫፎቿ ተጠጋግተው አይደል? የሞተ ቅጠሏንም አትጥለውም፣ ውስጥ ታኖረዋለች፤ እሱ ያሞቃታል።”

ልጁ ያለው እውነት ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን የእንዲህ ያለ መከዳ ውስጥ ከውጪው አየር በዐሥር ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። አሮጌው ቅጠልም ውስጥ ለውስጥ በስብሶ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ይዞ ለራሷ አፈር ይሆናል፣ ውሃ እንደ ሰፍነግ ያቆርላታል። በመንዝ የጓሳ ሣር ውስጥ ማለዳ እጁን ሰዶ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ላዩ አመዳይ፣ ውስጡ ግን ደረቅና ለብ ያለ ነው።

ጌታው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። “እናንተስ” አለ በኋላ፣ “ቤት፣ በበረዶ ወራት እንዴት ነው የምትተኙት?”

“አምስት ሆነን ነው። አንድ አልጋ ላይ። አያቴ በበሩ በኩል፣ ትንሿ መሀል።” ልጁ ፈገግ አለ። “አይበርደንም።”

“እዚህስ?”

ልጁ መስታወቱን መወልወል ቀጠለ። ከዚያ፣ “ለምጃለሁ፣ ጌታዬ” አለ።

ያን ሌሊት ጌታው እንቅልፍ አልወሰደውም። ፋኖስ ይዞ ወደ በረቱ ሄደ፣ መሰላሉን ወጣ። ልጁ ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ፣ ጭንቅላቱን በክንዱ መሀል ቀብሮ፣ ክብ ሆኖ ተኝቷል። የግቢው ውሻ ከጀርባው ተለጥፏል። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ድርቆሹን ከየአቅጣጫው ወደ ራሱ ሰብስቦ ከላዩ ከምሮታል። አምስት ዓመት፣ ከመጋቢት እስከ ኅዳር፣ እዚህ። ጌታው በፋኖሱ ብርሃን የገዛ እጁን አየ፤ ቀን ለጥፍር ታህል ተክል ጣሪያ ያቆመበት ጭቃ ገና ጥፍሩ ስር ነበር። ልጁን አልቀሰቀሰውም። ሻማው እስኪያጥር ቆመ፣ ወረደ።

በማግስቱ ከወጥ ቤቱ ምድጃ ጀርባ አልጋ ተዘረጋ። ለቅዱስ ማርቲን በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በሚቀጥለው መጋቢት ልጁ አልመጣም፤ ዐሥራ አራት ሞልቶት በአገሩ ከአናጢ ጋር ሥራ ገብቷል። ጌታው ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት መስታወቱን አነሣ። ከስንጥቁ አፍ ላይ የልብስ ቁልፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተቀምጣለች። በጣቱ ጫናት፤ ጠንካራ ነበረች። አበባ አልነበረባትም። ለአበባ ዓመታት ይቀሯታል።

በገበያው ልጆቹ ተሰልፈው ነበር፤ ጫማቸው ከበረዶው ገና አልደረቀም። አንድ ገበሬ በጌታው አጠገብ ቆሞ፣ “እነዚህን አትዘንላቸው፤ ድንጋይ ግጠው የሚያድሩ ናቸው” አለው። ጌታው አልመለሰለትም። ስምንት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ፊት ቆመ። ልማዱ ክንድ መዳበስ ነበር። ዘንድሮ ግን በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ዓይኑ ከዓይኗ ትክክል እስኪሆን።

“ቤት፣ ማታ የምትተኚው ከማን ጋር ነው?”

ልጅቷ ጥያቄው ገርሟት አየችው። “ከአያቴ ጋር። ከእህቴም ጋር።”

“በየት በኩል?”

“መሀል።”

“እህትሽ መጥታለች?”

ልጅቷ አገጯን ወደ ሰልፉ ጫፍ አነሣች። እዚያ ከእሷ በአንድ ራስ የምትበልጥ ልጅ ቆማለች፤ አንድ ሰው ክንዷን ይዞ ዋጋ እየተነጋገረ ነው። ጌታው የትንሿን እጅ ያዘና፣ ሰውየው ከመጨባበጡ በፊት ለመድረስ በሰልፉ ፊት ለፊት መራመድ ጀመረ።